ውፍረት ለመቀነስ የሚጥር ሰው መግደፍ ይገባዋልን?

ሰው በልቶ ለማደር በሚጨነቅበት ዓለም፣ «ከሚገባኝ በላይ በልቻለሁና ምን ላድርግ?» የሚለው ጥያቄ ለብዙዎች እንደ ቅንጦት ይቆጠራል። በተለይም በጅቡቲ ወደብ ሆኖ ስለዚህ ጉዳይ መጻፍ ሳያሳፍር አይቀርም። ወደ ኢትዮጵያ የሚሄደው የእርዳታ እህል ከመርከብ የሚራገፈው በዚሁ ወደብ ነው፤ ከኢትዮጵያ ገጠሮች የተነሡ ወጣቶችም ባሕሩን ተሻግረው የመን ለመግባት ወደ ኦቦክ በእግራቸው ሲጓዙ በረኀብና በውኃ ጥም የሚሠቃዩት በዚችው አገር በረሃ ነው። ይሁን እንጂ የረኀብ መኖር የውፍረትን ጉዳት አላስቀረውም። ሁለቱ በአንድ ከተማ፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ጣራ ሥር ጎን ለጎን የሚኖሩበት ዘመን ላይ ደርሰናል። የስኳር በሽታና የደም ግፊት የባለጸጎች ሕመም መባላቸው ከቀረ ቆይቷል፤ ዛሬ ሐኪም «ክብደትህን ቀንስ» ብሎ የሚያስጠነቅቀው የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ ብቻ ሳይሆን የወደቡን ጸሐፊ፣ ባለሱቁንና የከባድ መኪና ሹፌሩን ጭምር ነው።

ሹፌሩን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተቀሰቀሰው ጦርነት የተነሣ ኢትዮጵያ በአሰብ ወደብ መጠቀሟን ካቆመች ወዲህ፣ ከውጭ የምታስመጣው ዕቃ ከሞላ ጎደል የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ አገልግሎቱን ቢጀምርም የጭነት መኪናዎቹ ሰልፍ አልተቋረጠም። ከአዲስ አበባ እስከ ወደቡ ያለውን 900 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሹፌሩ የሚጨርሰው ተቀምጦ ነው፤ በከተማው ዳርቻ ፒኬ 12 በሚባለው የመኪና ማቆሚያ ሰፈር ተራውን ሲጠብቅ የሚውለውም ተቀምጦ ወይም ተጋድሞ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲወጣ፣ «እስቲ ወጣ ብዬ እግሬን ላፍታታ» የሚል ሰው አይገኝም። እንዲህ ያለው ሰው ሆዱ ቀበቶውን አልፎ መውረድ ሲጀምር በቅርብ የሚታየው መፍትሔ ምግቡን መቀነስ ነው። ይቀንሳልም። ጥያቄው የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ስድስት ቀን ራሱን ገትቶ የሰነበተ ሰው በሰባተኛው ቀን ልጓሙን ፈትቶ ያሻውን ቢበላ፣ ጥረቱን ያግዝለታል ወይስ ያፈርስበታል?

በምዕራባውያን ዘንድ ለዚህ ዓይነቱ ማዕድ የተሰጠው ስም «የማጭበርበሪያ ምግብ» እንደ ማለት ነው። ስሙ ገና ከመነሻው ነገሩን አበላሽቶታል ብዬ አምናለሁ። ማጭበርበር ካለ አጭበርባሪና ተጭበርባሪ መኖር አለባቸው፤ እዚህ ግን የሚበላውም፣ የሚወፍረውም፣ ቀበቶው የሚጠብበትም አንድ ሰው ነው። ከገዛ ኪሱ የሰረቀ ሌባ ምን አተረፈ? የአማርኛችን ቃል ከዚህ ይሻላል። ጾመኛ በጾም ቀን የፍስክ ምግብ ሲቀምስ «ገደፈ» እንላለን። ከዚሁ ሥር «ግድፈት» የሚለው ቃል ይወጣል፤ ተማሪ በድርሰቱ ውስጥ አንዲት ፊደል ዘሎ ቢያልፍ መምህሩ በቀይ ቀለም የሚያሰምርበት እርሱ ነው። ግድፈት ያለበት ድርሰት ይታረማል እንጂ ተቀድዶ አይጣልም። ይህ የቃል ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ ወደ ኋላ እንመለከታለን።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ስለ መከልከልና ስለ መፈቀድ አጥብቀው ያሰቡ ሰዎች ነበሩ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ይጾማል፤ ነገር ግን ጾሙ ከመግባቱ አስቀድሞ ቅበላ አለ። በቅበላ ሰሞን የአቅሙን ያህል ሥጋ ያልቀመሰ፣ ዘመድ ያልጠራ ወይም በዘመድ ያልተጠራ ሰው ጥቂት ነው። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ የሃምሳ ቀን ፈቃድ ይከተላል፤ በእነዚያ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾሙም። በጅቡቲ አብዛኛው ሕዝብ የሚከተለው የእስልምና ሃይማኖትም እንዲሁ ነው። በረመዳን መንገደኛና ሕመምተኛ እንዲበሉ ተፈቅዶላቸዋል፤ ሲመለሱና ሲድኑ የበሉበትን ቀን ቆጥረው ቀዷውን ያወጣሉ። በሁለቱም ዘንድ ፈቃዱ ከሰውየው የዕለት ስሜት አይመነጭም። መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያበቃ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ የሚበላውም በገሃድ፣ ከሰው ጋር ነው። የቅበላን ጥብስ ከጓዳ ተደብቆ የሚበላ ሰው አይቼ አላውቅም።

በእርግጥ ጾም ለነፍስ እንጂ ለወገብ የተደነገገ አይደለም፤ ሁለቱን የሚያቀላቅል ሰው ሁለቱንም ያጣል። ዘይት የጠጣ ሽሮና ድንች እያመላለሰ ሁዳዴን ጾሞ፣ ሲፈታ ክብደቱ ጨምሮ የሚገኝ ክርስቲያን አለ። ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይቀምስ ውሎ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ በሳምቡሳና በጣፋጭ የሚካካስ ሙስሊምም እንዲሁ። እኔ ከሃይማኖቱ የምወስደው ሥርዐቱን ነው፤ ይኸውም ክልከላ የሚጸናው ፈቃድም ሥርዐት ሲኖረው ነው የሚለውን።

ሐሳቡ በሒሳብ ይመዘን ዘንድ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሰው ሳይወፍርም ሳይከሳም ለመኖር በቀን 2,400 ካሎሪ ያስፈልገዋል እንበል። ምግቡን ወደ 1,900 ካሎሪ ቢያወርድ በየቀኑ 500፣ በስድስት ቀን 3,000 ካሎሪ ይቆጥባል። አንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ስብ በግምት 7,700 ካሎሪ ስለሚይዝ፣ የስድስት ቀን ትዕግሥት ያስገኘለት ውጤት ከ400 ግራም በጥቂቱ ያነሰ ስብ ነው። እንግዲህ በሰባተኛው ቀን ከጧት ጀምሮ «ዛሬ የተፈቀደ ነው» እያለ ቁርሱን በቅቤ፣ ምሳውን በሩዝና በበግ ሥጋ፣ መክሰሱን በሳምቡሳ፣ እራቱን በጥብስ፣ በመካከሉም ለስላሳ መጠጥ እያከለ ቢያሳልፍ፣ ከሚያስፈልገው በላይ 3,000 ካሎሪ መጨመር የሚያስቸግር አይሆንም። ሳምንቱ ዜሮ ወጣ ማለት ነው። ይኸው ሰው ግን በዚያ ቀን አንዲት ማዕድ ብቻ በደስታ በልቶ፣ ሌላውን እንደ ወትሮው ቢያደርገውና ትርፉ 1,000 ካሎሪ ቢሆን፣ ከቁጠባው 2,000 ይቀርለታል። ከዚህ የምንረዳው፣ የክርክሩ ቁም ነገር «ይገደፍ ወይስ አይገደፍ» ከሚለው ይልቅ «ማዕድ ነው ወይስ ቀን» በሚለው ላይ እንዳለ ነው። በጓደኞቼ መካከል «ገደፍኩ» የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ሲጠየቁ ግን የገደፉት አንድ ጊዜ አይደለም፤ ዓርብ ቀትር ላይ የጀመሩት እሑድ ማታ ነው የሚያበቃው።

በማግስቱ ሚዛን ላይ የሚወጣ ሰውም መደንገጥ የለበትም። ጉበታችንና ጡንቻዎቻችን ከእንጀራ፣ ከዳቦና ከሩዝ የሚገኘውን ኃይል ሲያከማቹ ለእያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውኃ አብረው ይይዛሉ፤ ጨውም በበኩሉ ውኃ ያቆያል። ስለዚህ ከድግስ ማግስት ሚዛኑ አንድ ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ቢያሳይ አብዛኛው ውኃ ነው፤ ሰውየው ወደ ልማዱ ከተመለሰ በጥቂት ቀናት ይወርዳል። ይህን ባለማወቅ «እንግዲህ ሁሉም ነገር ከንቱ ሆነ» ብሎ የተወው ስንቱ ነው!

መግደፍን የሚደግፉ ሰዎች ከሚያቀርቧቸው ማስረጃዎች አንዱን ግን እንዳለ ለመቀበል ይከብደኛል። «አልፎ አልፎ መጥገብ የሰውነትን እሳት ያነድዳል፤ ስለዚህ የገደፈ ሰው ይበልጥ ይከሳል» ይላሉ። አባባሉ ሥር የለውም አይባልም። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ በሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ጄፍሪ ፍሪድማንና የሥራ ባልደረቦቹ ሌፕቲን የተባለውን፣ ከስብ ሕዋሳት የሚመነጭና ለአንጎል የስንቅ ወሬ የሚያደርስ ሆርሞን አግኝተዋል። ሰው ምግቡን ሲቀንስ ሌፕቲን ይቀንሳል፤ አንጎልም «ስንቅ አለቀ» ብሎ ረኀብን ያበረታል፣ የሰውነትንም ወጪ ይቆጥባል። በብዛት ሲበላ ደግሞ ሆርሞኑ ለጊዜው ከፍ ይላል። እስከዚህ እውነት ነው። ነገር ግን ከፍ ማለቱ ጊዜያዊ ነው፤ ሰውየው ወደ ቁጠባው ሲመለስ እርሱም ተመልሶ ይወርዳል። ሰውነት በዚያ ምክንያት የሚያቃጥለው ትርፍ፣ ለማነሣሣት ሲባል ከተበላው ምግብ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። እሳት ለማንደድ ብሎ ጎተራውን ሙሉ እንጨት የሚያጎር ሰው በብርድ ባይሞትም ጎተራው ባዶ ሆነ ሊል አይችልም። መግደፍ የሚጠቅም ከሆነ የሚጠቅመው በሌላ መንገድ ነው፤ በልብና በኅብረተሰብ በኩል።

የልብን ነገር የሚያስረዳ አንድ ምርመራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1975 ፒተር ኸርማንና ዴቦራ ማክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለአንዳንድ ሴት ተማሪዎች በወተትና በጣፋጭ የተበጠበጠ መጠጥ ሰጡ፤ ለሌሎቹ አልሰጡም። ከዚያ በኋላ ሁሉም አይስክሬም እንዲቀምሱና የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ተፈቀደላቸው። በምግባቸው ላይ ቁጥጥር የማያደርጉት ተማሪዎች መጠጡን ከጠጡ በኋላ፣ እንደሚጠበቀው፣ አይስክሬሙን ቀነሱ። ክብደታቸውን ለመጠበቅ ራሳቸውን የሚቆጣጠሩት ግን ተቃራኒውን አደረጉ፤ መጠጡን የጠጡት ካልጠጡት ይልቅ አይስክሬም አበዙ። ለምን? ቁጥጥሩ አንድ ጊዜ ፈርሷልና ከእንግዲህ የሚጠበቅ ነገር አልቀረም ብለው ስላሰቡ ነው። የእኛ ሰው ይህን ለማወቅ ምርመራ አላስፈለገውም፤ «ካበዱ አይቀር ጨርቅን ጥሎ ነው» ይላል።

አሁን ስለ ስሙ ቀደም ሲል ወደ ተናገርኩት ልመለስ። የበላውን ማዕድ «ማጭበርበር» ብሎ የሰየመ ሰው፣ ገና የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲውጥ ራሱን ወንጀለኛ አድርጎ ፈርዶበታል፤ ወንጀለኛ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛውና ሦስተኛው ምን ይጨምርበታል? ማዕዱን ቀድሞ በቀን መቁጠሪያ ላይ ያሰፈረው ሰው ግን ሲበላ ሥርዐቱን እየፈጸመ እንጂ እያፈረሰ አይደለም። ሳህኑ ላይ ያለው ምግብ ያው አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ የሚታየው ሳህኑ ከተነሣ በኋላ ነው። አንደኛው እጁን ታጥቦ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ሌላው «ዛሬማ ከተበላሸ…» እያለ ሌላ ሳህን ያዛል።

ጥብቅነትን የሚመርጡትን ወገኖችም ቃላቸውን መስማት ተገቢ ነው። «ማጨስ የተወ ሰው በሳምንት አንዲት ሲጋራ ይፈቀድለታልን? ሱስን በሱስ ማስታገሥ እንዴት ይቻላል?» ይላሉ። ክርክራቸው ለአንዳንድ ሰዎች ትክክል ነው። ጣፋጭ ነገር ፊቱ ከቀረበ ማቆም የማይችል፣ በድብቅ እየበላ ኋላ በጸጸት የሚሠቃይ ሰው አለ፤ ለእርሱ የግድፍ ማዕድ ቀጠሮ መስጠት ገደል አፋፍ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ የሚያሻው ሐኪም ነው። ሆኖም ሲጋራን ጨርሶ መተው ይቻላል፤ ምግብን ግን ማንም አይተውም። በየቀኑ ሦስት ጊዜ ከጠላቱ ጋር በአንድ ገበታ መቅረብ ያለበት ሰው፣ ጦርነት ሳይሆን የድንበር ውል ያስፈልገዋል።

ከመጠን ያለፈ ጥብቅነት የሚያመጣውንም አይተናል። እ.ኤ.አ. በ1944ና በ1945 በአሜሪካ በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ በአንሰል ኪስ መሪነት፣ 36 ወንዶች በገዛ ፈቃዳቸው ለ24 ሳምንታት ምግባቸው በእጅጉ ተቀንሶባቸው ኖሩ። ዓላማው በጦርነቱ የተራበውን የአውሮፓን ሕዝብ እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ለማወቅ ነበር። ሰዎቹ ቀንም ሌሊትም ስለ ምግብ ብቻ የሚያስቡ ሆኑ። ገደቡ ሲነሣላቸው ከመካከላቸው እጅግ ብዙ በልተው እንኳ «ጠገብኩ» ማለት ያቃታቸው ነበሩ። እርግጥ እነርሱ የተራቡት ለማቅጠን ከሚጥር ሰው ይልቅ በብዙ እጥፍ ነው፤ ቢሆንም «በአንድ ወር አሥር ኪሎ» እያለ ራሱን የሚያስርብ ሰው ወዴት እንደሚያመራ መንገዱን ያሳያሉ። ትልቁን ግድፈት የሚወልደው ትልቁ ክልከላ ነው። በቀን 500 ካሎሪ የሚቀንስ ሰው ልጓሙን ለመበጠስ የሚገፋፋው ምክንያት ያነሰ ነው።

ይሁንና በጅቡቲ ከተማ የሚኖሩ ወገኖቻችንን አኗኗር ስመለከት፣ ስለ ግድፍ ማዕድ የምንከራከረው በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ስለ መስኮቱ መዝጊያ እንደሚጨቃጨቁ ሰዎች ሆነን ነው የሚታየኝ። ወፍራሙን የሚያወፍረው ዓርብ ቀትር የሚቀርበው የበግ ሥጋና ሩዝ ሳይሆን፣ ምግብ ተብሎ የማይቆጠረው የየዕለቱ ነገር ነው። ሻዩን እንውሰድ። በአገሩ ልማድ ሻይ ይጣፍጣል፤ በአንድ ብርጭቆ ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው 12 ግራም ያህል ስኳር ይጠጣል። አምስት ብርጭቆ ሲሞላ 60 ግራም፣ ማለትም 240 ካሎሪ ነው። ሁለት ጣሳ ለስላሳ መጠጥ ሲታከልበት፣ በእያንዳንዱ 35 ግራም ያህል ስኳር ስለሚኖር፣ 280 ካሎሪ ይጨምራል። ድምሩ 520 ነው። በምሳሌያችን ያየነው ሰው በቀን በብዙ ትዕግሥት የሚቆጥበው ስንት ነበር? 500። እንጀራውን በግማሽ ቀንሶ፣ ቅቤውን ትቶ፣ በሻይና በለስላሳ መልሶ አስገብቶታል፤ አንድም ቀን ሳይገድፍ! የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ወደ ምግብና መጠጥ የሚጨመር ስኳር ከዕለቱ ኃይል ከአንድ አሥረኛ በታች እንዲሆን መክሯል። በ1,900 ካሎሪ ለሚኖር ሰው ይህ ከ48 ግራም አያልፍም፤ ከላይ የቆጠርነው ግን 130 ግራም ነው።

የለስላሳው መጠጥ ሰዓት ደግሞ የጫቱ ሰዓት ነው። ጫት ከኢትዮጵያ በየቀኑ ይመጣል፤ ቀትር አካባቢ ከተማው ሲደርስ ሱቁም መንገዱም ለጥቂት ጊዜ ሌላ ሥራ ያለው አይመስልም። ከዚያ በኋላ ወንዱ መብረዝ በሚባለው የመቃሚያ ክፍል ተሰብስቦ እስኪመሽ ይቀመጣል። ጫት በውስጡ ባለው ካቲኖን በተባለው ንጥረ ነገር ምክንያት ረኀብን ያስረሳል፤ በዚህም የተነሣ «እኔ እራት አልበላም፣ እንዴት ወፈርኩ?» የሚል ሰው አይጠፋም። እራት በሰዓቱ አለመብላቱ እውነት ነው። መራራነቱን ለማጣፈጥ የጠጣውን ግን አልቆጠረም፤ ምርቃናው ሲለቀው እኩለ ሌሊት ላይ የበላውንም አልቆጠረም። በዚህ ላይ ስድስት ሰዓት ሙሉ ከመከዳው አልተንቀሳቀሰም። ጫትን ለማቅጠኛ የሚመክሩ ሰዎች መኖራቸውን ስሰማ እገረማለሁ፤ ጥርስን፣ እንቅልፍንና የቤት ወጪን ከፍሎ የሚገኝ ቅጥነት ቢገኝ እንኳ ውድ ነው።

ስለ ዳቦውም አንድ ቃል ልበል። ፈረንሳዮች ለጅቡቲ ካስለመዷቸው ነገሮች አንዱ ያ ረጅሙ ባጌት ነው፤ ጧት ትኩሱን በብብቱ ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ቤቱ ሳይደርስ ጫፉን ቆርሶ ይበላል። ያን ጫፍ ማንም እንደ ምግብ አይቆጥረውም። እኔም አልቆጥርበትም፤ የሰው ልጅ ትኩስ ዳቦ ይዞ እንዲታገሥ መጠየቅ ጭካኔ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የሰው ገበታ ነው። በእኛ አገር «በሞቴ» ተብሎ የቀረበ ጉርሻ አይመለስም፤ በሶማሊውም በአፋሩም ቤት እንግዳ ሳይበላ ሲወጣ ባለቤቱ ይከፋዋል። ዓርብ የአገሩ የዕረፍት ቀን በመሆኑ የሥራ ባልደረባ ቤቱ የሚጋብዘው በዚያ ቀን ነው፤ በሄልና በቅመም የታሸው የበግ ሥጋና ሩዝ፣ እንጀራ የመሰለው ላሖሕ ይቀርባል። በምኒልክ አደባባይ አካባቢ ወይም በሌላው የከተማ ክፍል ወዳሉት የየመን ምግብ ቤቶች የወሰደ እንደሆነም ከጀርባው ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ በሸክላ ምድጃ የተጠበሰ ዓሣ ከሰፊ ቂጣ ጋር ይመጣል። ዓሣው ራሱ ለማቅጠን ለሚጥር ሰው መልካም ምግብ ነው። ፈተናው በኋላ የሚከተለው፣ በማርና በሙዝ ወይም በተምር የተለወሰው ሙክባዛ ነው። ይህን ሁሉ «እኔ ክብደት እየቀነስኩ ነው» ብሎ የሚገፋ እንግዳ ጤናውን ጠብቆ ይሆናል፤ ነገር ግን በባዕድ አገር ለሚኖር ሰው የሰው ገበታ የወዳጅነት በር ነው፤ ያንን በር ደጋግሞ የዘጋ ሰው ቀጥኖ ብቻውን ይቀራል። የግድፍ ማዕድ በሙሉ ልብ የምደግፈው በዚህ ምክንያት ነው። በሳምንት አንዲት ማዕድ ለሰው ትሁን። ብቻውን ሆኖ፣ ስልችት ሲለው ወይም ሲናደድ፣ ለራሱ እንደ ሽልማት የሚሰጣት አትሁን። ምግብን ለሥራው ዋጋ አድርጎ ራሱን የሚሸልም ሰው፣ ባዘነ ጊዜም ማጽናኛ አድርጎ ያዝዘዋል፤ ያን ጊዜ ሳምንቱ ሰባት ግድፍ ይኖረዋል።

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያዊው የተለየ ችግር ይገጥመዋል። የአገሩ የድግስ ቀን ዓርብ፣ ለኦርቶዶክሳዊው የጾም ቀን ነው። ባለቤቱ የበግ ሥጋ ሲያቀርብ እንግዳው ዓይኑን ወደ መሬት ይጥላል። እንዲህ ያለው ሰው አስቀድሞ ለባልደረባው ቢነግረው ይሻላል፤ በዚያ ከተማ ጾም ምን እንደ ሆነ የማያውቅ ሰው የለም፤ ይከበርለታልም። የእርሱ የግድፍ ማዕድ እሑድ ትሆናለች፤ በተራውም ባልደረባውን በእሑዱ ወጥ ይጋብዘዋል። የስኳር በሽታ ወይም የኩላሊት ሕመም ላለበት ሰው ግን ይህ ሁሉ ምክር እንዳለ አይሠራም፤ መድኃኒቱና ማዕዱ የተያያዙ ናቸውና ምን ያህል መልቀቅ እንደሚችል ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር።

የቀረው የሹፌሩ ጉዳይ ነው። እርሱ ዓርብም እሑድም የለውም፤ ጭነቱ በተፈቀደለት ቀን ይነሣል፣ መንገዱ በፈቀደለት ቀን ይደርሳል። «በሳምንት አንድ ጊዜ» የሚለው ቃል ለእርሱ ትርጉም የለውም። በየመቆሚያው፣ በጋላፊም በሚሌም በአዋሽም፣ ጥብሱ ትኩስ ነው፤ በየመቆሚያውም «መንገደኛ ነኝ» የሚል ምክንያት አለ። ለእርሱ የምመክረው ቀንን ትቶ ቦታን እንዲመርጥ ነው። ፒኬ 12 ላይ ተራ በሚጠብቅበት ጊዜ ከንጋት በፊት ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ በመኪናዎቹ መካከል ግማሽ ሰዓት ይራመድ፤ ሻዩን በአንድ ማንኪያ ስኳር ይጠጣ፤ በመንገዱ ላይ የሚቀርብለትን ጥብስ ለጓደኛው አካፍሎ በግማሹ ይለፈው። ቤቱ ሲደርስ፣ ልጆቹ በር ላይ ሲቀበሉት፣ ባለቤቱ ድስቱን ጥዳ ስትጠብቀው ግን፣ የቀረበለትን ዶሮ ወጥ ሳይሳቀቅ ይብላ፤ ካሎሪም አይቁጠር።